ኖርማ የሸፈነችው ብረት

ሌአንድሮ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳል። ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ መታየት የነበረበት ፈሳሽ አንድ ጎን ላይ ተሰብስቦ ተጣብቋል፤ የቀረው ውሃ ነው።

«ተበላሽቷል» ይላል።

የሆስፒታሉ ሐኪም ግሪሰልዳ መነጽሯን ታወልቃለች። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ጥቁር የብረት ዝገት ብናኝ ደም ውስጥ ሳይጓጎል ከቆየ የጉበት ዕጢን በምስል አጉልቶ ያሳይላታል። ከተጓጎለ የደም ሥር ይዘጋል። ብናኙ እንዳይጓጎል የሌአንድሮ የሥራ ባልደረባ ኖርማ በሠራችለት ሽፋን ይቀጥሉ ወይስ ይተዉት፣ ዛሬ የምትወስነው እሷ ናት።

«ሽፋኑ አልያዘም ማለት ነው?»

«መጨረሻ ላይ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዕረፊ ብላት እምቢ አለች» ይላል ሌአንድሮ። «እኔ የለሁበትም።»

የኖርማ ባል ዶን ኢፖሊቶ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሚስታቸውን ከቀበሩ ገና ወር አልሞላም፤ ብልቃጡን ከላ ፕላታ ከተማ ያመጡት እሳቸው ናቸው። አንገታቸውን ይደፋሉ።

«ስለዚህ ብልቃጥ ብቻ ነበር የምታወራው» ይላሉ ዝግ ብለው። «እኔንማ ‹አንተም ዝገሃል፣ ግን ተራህን ጠብቅ› ትለኝ ነበር።»

ማንም አይስቅም። ሽማግሌው የሚያደርጉት ቢያጡ የማቴ ሻይ ዕቃ የያዘውን ቦርሳቸውን ይከፍታሉ። ክዳኑ ከእጃቸው ያመልጥና ጧ ብሎ ይገጥማል።

ሌአንድሮ ዞር ይላል። «ብልቃጡን የት ነበር ያስቀመጡት?»

«እዚሁ፣ ከክዳኑ ሥር። እንዳይሰበር ብዬ ከትናንት ጀምሮ አላወጣሁትም።»

ሌአንድሮ ብልቃጡን ወደ ቦርሳው የማግኔት መቆለፊያ ያስጠጋል። ጥቁሩ ነገር ወደ ማግኔቱ ይንፏቀቃል። የሌአንድሮ ጆሮ ይግላል። ብልቃጡን አርቆ ይንጠዋል፤ ጥቁረቱ ተበትኖ ውሃውን ይሞላዋል። ከዚያ እንደ ደም ጨዋማ የሆነ ውሃ ውስጥ ያንጠባጥበዋል። ሦስቱም አጎንብሰው ይጠብቃሉ።

አይጓጎልም። አይዘቅጥም።

«ኧረ ምንም አልሆነም!» ትላለች ግሪሰልዳ። «በዚሁ እንቀጥላለን።» ከዚያ ቀና ትላለች። «እና እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር ያልከውስ?»

ሌአንድሮ ወለሉን ያያል።

«አላየሁም» ይላል። «ከታመመች ወዲህ ሄጄ አልጠየቅኳትም።»

ዶን ኢፖሊቶ ከቦርሳው የማቴ መጠጫ ቅሉን ያወጣሉ። ቅሉን በቅጠልና በሙቅ ውሃ ሞልተው የመጀመሪያውን ራሳቸው ይመጥጣሉ፤ ደግመው ሞልተው ለግሪሰልዳ፣ ቀጥሎ ለሌአንድሮ ይዘረጋሉ። ሌአንድሮ ይጠጣል። ሲመልስ «አመሰግናለሁ» ሊል አፉን ይከፍትና ይተወዋል፤ ቅል እየመለሱ ማመስገን እዚህ በቃኝ ማለት ነው።

ሽማግሌው ፊቱን ሳያዩ ተራው ሲደርስ እንደገና ይሞሉለታል።