የሳህን ማቀበያዋ ቀዳዳ

ማዘጋጃ ቤቱ ባወጣው የከተማ ግንባታ ጌም ውስጥ ነዋሪው ያልሠራው ሰፈር፣ በእውን ታሪክ የለውም ተብሎ ይፈርሳል። ከነታሪኩ ተሠርቶ ያለቀም ጌሙ ውስጥ ተጠብቋል ተብሎ ይፈርሳል። የሚተርፈው በሥራ ላይ ያለ ሰፈር ብቻ ነው።

ፈለቀች ይህን ስለምታውቅ ሦስት ዓመት ሙሉ በጌሙ ሰፈሯን ስትሠራ አንዲት ነገር ሆን ብላ ትታለች። የዛገውን ቆርቆሮ፣ ጎርፍ የቦረቦረውን መንገድ፣ የቦኖውን ወረፋ ከነሐሜቱ አስገብታለች። ከጎረቤቷ ከእትዬ አሰገደች ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን አላስገባችም። ሃያ ዓመት ጨውም ሽሮም የተቀባበሉባትን ያቺን ቀዳዳ ከሁለቱ በቀር የሚያውቃት የለም።

ዛሬ ጠዋት ጌሙን ስትከፍት ቀዳዳዋ ተሠርታ አገኘቻት። የምትወተፍበት ሰማያዊ ጨርቅ እንኳ አልቀረም። ስትነካት ታሪኳ ወጣ፦ «ጎረቤቴ በወለደች ጊዜ ገንፎውን ያቀበልኳት በዚህች ነው።» ከላይ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ይላል።

ፈለቀች ተነሥታ ጨርቁን ከግድግዳው መዘዘችው።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ የጨረስሽው?»

ከወዲያ ይጎተት የነበረ ቁም ሣጥን ቆመ።

«ለሚጨርሰው ሰው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ይሰጣሉ፣ ልጄ። ጉልበቴ ደረጃ እንደማይችል ታውቂ የለ።»

«እኔስ?»

እትዬ አሰገደች ባለፈው እሑድ ፈለቀች ወጥ የላከችበትን ሳህን በቀዳዳዋ አሾልካ ሰጠቻት። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዳቸው የሌላዋን ሳህን ባዶውን መልሰው አያውቁም፤ ቢጠፋ ቢጠፋ ቁንጥር በርበሬ ያደርጉበታል።

ሳህኑ ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ባዶውን ነበር።