ትከሻ ያዡ

የቡድኑን ፎቶ ወደ መታሻ ክፍሉ መስኮት አስጠግቼ አየዋለሁ፤ ከዚያ አርቄ አየዋለሁ። ከቆሙት መጨረሻ፣ በግራ ጥግ ያለው ሰውዬ ረጅም ነው። የበረኛ ጓንቱን ብብቱ ሥር ሸጉጧል። አላውቀውም።

«አባቴ ነው» ትላለች ሴትዮዋ እንደገና።

«ይሆናል፣ ልጄ። እኔ ግን አላውቀውም።»

የክለቡ ጸሐፊ በሩን ተደግፎ ሰዓቱን ያያል። ውጭ፣ መተላለፊያው ላይ፣ ቀለም ቀቢው መሰላሉ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዋንጫ ባነሳንበት ዓመት የነበረ ሰው ሁሉ ስሙ ከነሥራው ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ተጫዋቹ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሾፌሩ፣ እኔም ወጌሻው ሳልቀር። የቀረው ይህ ሟች ብቻ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ በዚያ ዓመት የነበረ አንድ ሰው «አዎ፣ ከእኛ ጋር ነበር» ካለ ይጻፋል፤ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፣ ዛሬ የተገኘሁትም እኔ ብቻ ነኝ። ግድግዳውን የሚመርቁት እንግዶች ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት» ይላል ጸሐፊው። «አዎ ይበሉና ሁላችንም እንረፍ።»

«አይቼው ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ያላየሁትን አየሁ ልበል?»

«ያን ጊዜ እዚህ ክፍል ውስጥ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ። ቀና ብዬ ግን አላውቅም።»

እውነቴን ነው። እኔ ሰው የማውቀው ከጉልበት በታች ነው። አምበሉን በግራ ቁርጭምጭሚቱ፣ አጥቂውን ጠሞ በቀረው አውራ ጣቱ አውቀዋለሁ። ገበያ ውስጥ ሰላም ሲሉኝ ፊታቸው ግራ ያጋባኛል፤ ጥቂት ሲራመዱ አይቼ ነው የምለያቸው። በዚህ ፎቶ ደግሞ የቆሙትን ሰዎች እግር የተንበረከኩት ሸፍነውታል።

«አባትሽ ምኑን ተጎድቶ ያውቃል?»

«ምኑንም። ተጠባባቂ በረኛ ነበር። አንድም ቀን ሜዳ አልገባም።»

«ታዲያ እኔ በምን ልወቀው? ጤነኛ ሰው ከመቃብር ቆፋሪ ጋር አይተዋወቅም።»

ጸሐፊው ይስቃል። እሷ አትስቅም። የአንገት ልብሷን ትፈታና መልሳ ታስረዋለች።

«እዚህ ክፍል እገባ ነበር ይለን ነበር» ትላለች። «እርስዎ ውልቃት ሲመልሱ ትከሻ የሚይዘው እሱ እንደነበር። ‹ወጌሻው እግሩን ይስባል፣ እኔ ሰውዬውን እይዛለሁ› ይል ነበር።»

እዚህ ላይ ግራ ይገባኛል።

አንድ ሰው ይይዝ ነበር። ይህ እርግጥ ነው፤ ውልቃት ያለ ያዥ አይመለስም፣ ሰውዬው አልጋው ላይ ይንሸራተታል። እግሩን እንደጨበጥኩ፣ ዓይኔን ከመገጣጠሚያው ሳላነሳ «ያዘው» እል ነበር። ሰውዬውም ይያዛል። ማን ያዘው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እስከ ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ ይመስለኝ ነበር፣ ክንደ ብርቱ ነበርና። አሁን ሳስበው ግን ሾፌሩ የሰው ጩኸት አይችልም፤ ከአውቶቡሱ አይወርድም ነበር። ወይስ ይህን ማሰብ የጀመርኩት እሷ ከተናገረች በኋላ ነው?

«እንዴት አድርጎ ነበር የሚይዘው?»

«እኛንም ቤት ውስጥ ያው ነበር። እሾህ ሲወጣልን፣ ቁስላችን ሲታጠብ፣ ከኋላችን ሆኖ።» እጆቿን አየር ላይ ታስተካክላለች። «አውራ ጣቱን እዚህ ጋ፣ ሌሎቹን ከብብት ሥር።»

ይህ ምስክር አይሆንም። ደህና ያዥ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚይዘው።

«በአየር ላይ አይገባኝም» እላለሁ፤ ጫማዬን አወልቃለሁ።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» ይላል ጸሐፊው።

«ልተኛ።»

«አሁን? እንግዳ እየመጣ?»

«እንግዳውም እስኪመጣ እኔም እስክነሳ።»

መታሻው አልጋ ላይ እወጣለሁ። አጠገቡ ቆሜ አረጀሁ እንጂ ተኝቼበት አላውቅም። ከጠበቅሁት በላይ ይቀዘቅዛል። ሴትዮዋ ከራስጌዬ ትቆምና እንደ ብርጭቆ ትነካኛለች።

«እንደሱ ከሆነ ሰውዬው ወለሉ ላይ ነው» እላታለሁ። «ጠበቅ።»

ታጠብቃለች። አውራ ጣቶቿ ትከሻዬ ላይ ቦታቸውን ያገኛሉ። ጸሐፊው ማንም ሳይጠይቀው ቁርጭምጭሚቴን ይዞ፣ እንደ ቀልድ፣ ሳብ ያደርገኛል። ንቅንቅ አልልም።

ታዲያ ምን አረጋገጥኩ? ልጅቱ ብርቱ መሆኗን። አባቷን አላረጋገጥኩም።

ፊቷ ላይ ዓይኔን እጥላለሁ። አገጯ ከላይ ነው፣ ዓይኖቿ ከታች። እስካሁን ሳነጋግራት የነበርኩትን ሴት አትመስልም። እዚህ የተኙት ልጆች ሁሉ የያዛቸውን ሰው ያዩት እንዲህ ተዘቅዝቆ ነው። መንገድ ላይ ቢያገኙት እነሱም አይለዩትም ነበር።

ቀለም ቀቢው ብሩሹን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «ልጻፍ ወይስ ዕቃዬን ልሰብስብ?»

«ጻፍ» እላለሁ።

«አወቁት ማለት ነው?» ይላል ጸሐፊው፤ እግሬን አልለቀቀም።

«አላወቅሁትም። ማልልኝ ብትለኝም አልምልም። አንድ ሰው ግን ይይዝልኝ ነበር። ከእኛ ጋር ነበር፤ ይጻፍ።»

 የሴትዮዋ እጆች አይላሉም።

«ከስሙ ሥር ሥራውን ምን ልበል?» ይላል ቀለም ቀቢው። «በረኛ?»

መልሱን እየፈለግሁ ዓይኔ ከፊቷ አልፎ ጣሪያው ላይ ያርፋል። ውሃ የፈሰሰበት ቡናማ ክብ አለ፤ ዳር ዳሩ ተልጧል፤ የብዙ ክረምት ሥራ ነው። እዚህ አልጋ ላይ የጮኸ ሁሉ ሳያየው አልቀረም። እኔ ገና ዛሬ ማየቴ ነው።