ከዓሣው በኋላ

ሦስተኛው ጠርሙስ በዕድሜ ይበልጣት ነበር። ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ያስመጣችውን አሮጌ ቀይ ወይን ጣና ዳር ባለው ሆቴል በረንዳ ላይ ለእንግዶቿ እያስቀመሰች ነው። ሾርባው አልፎ፣ ዓሣው ተበልቶ፣ የበጉ ጥብስ ሊቀርብ ሲል “መጀመሪያ ሽታውን” እያለች ዞር ብትል፣ አባቷ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ቤት ብቻቸውን መተው ካቃታት ዓመት አልፏል፤ አርባ ዓመት የቀደሱበትን ደሴት እንኳ አንዳንድ ቀን ስሙን ይጠይቋታል።

ወይኑን ቀስ ብለው ተጎነጩ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ስበው፣ ቆርቦ ከመቅደስ እንደሚወጣ ሰው አፋቸውን ሸፈኑ። እሷ ሄዳ ክንዳቸውን ያዘች፤ የሳቸው ዓይን ግን ከፊታቸው ሳይነሣ በቀረው ሳህን ላይ፣ በዓሣው አጥንት ላይ ዐረፈ። ነጠላው ከአፋቸው ወረደ።

“ልጄ፣” አሉ፣ “በልቼ ነው እኮ የቆረብሁ!”

“ኧረ አባባ፣ አልቆረቡም! ወይን እኮ ነው።” ጠርሙሱን ብድግ አድርጋ ጽሑፉን ወደሳቸው አዞረችው፤ ከዚህ ሌላ የምታሳያቸው ነገር አልነበራትም።

ጠርሙሱን አላዩትም። እሷን ነበር የሚያዩት፤ ሕፃን ሳለች የማይሆን ነገር ስትጠይቃቸው እንደሚያዩዋት፣ በርኅራኄ።

“ወይንማ ነበር፣ ልጄ” አሉ፤ “ሳይባረክ በፊት።”