የቀሩት አራት ቀጠሮዎች

"ተሽሎዎታል እኮ፣ ወይዘሮ ፓስኮ!" አለኝ ዶክተሩ፣ ሎተሪ የደረሰኝ ይመስል እያበሰረኝ። "ከአምስት ወር በፊት የጭንቀት መጠይቁ ነጥብዎ ሠላሳ ስምንት ነበር። ዛሬ ሃያ አንድ።"

"እሰየው። በል ሪፈሩን ጻፍልኝና ልሂድ።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ልጅ ነው፤ የመጨረሻው ልጄ እኩያ። የድሮው ሐኪማችን ጡረታ ሲወጣ ከሜልቦርን ለሦስት ወር የላኩልን ነው። ጫማው ላይ ገና የኛ አቧራ አልተጣበቀም።

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዘንድ ለሄድኩባቸው ስድስት ቀጠሮዎች መንግሥት አብዛኛውን ክፍያ መልሶልኛል። አራት ይቀሩኛል። እነሱን ለማግኘት ግን ሐኪም እንደገና አይቶኝ "ያስፈልጋታል" ብሎ መጻፍ አለበት። ያለዚያ ወረቀት ሙሉውን ከኪሴ ልከፍል ነው። ዝናብ በጠፋበት በዚህ ዓመት ከኪሴ ማለት ደግሞ ከበጎቹ አፍ ማለት ነው።

"ችግሩ ምን መሰለዎት" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "በዚህ ነጥብ ተጨማሪ ያስፈልጋታል ብዬ መጻፍ ይከብደኛል። የባሰባቸው አሉ..."

"የተሻለኝ ስለሄድኩ ነዋ! አጥሩ አልወደቀም ብለህ ችካሉን ትነቅላለህ?"

ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፤ ያናደደኝም ደግነቱ ነው። መሳቢያውን ከፍቶ ያልተሞላ መጠይቅ አወጣና ወደ እኔ አንሸራተተው።

"እስኪ እንደገና ይሙሉት" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በጣም የከፋውን ሳምንት እያሰቡ። እኔ ውኃ ጠጥቼ ልምጣ።"

"ዋሺ ነው የምትለኝ?"

"እንደሱ አላልኩም..."

"ብለሃል እንጂ። ቁጭ በል!"

ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ ነበር፤ ተመልሶ ቁጭ አለ።

ወረቀቱን አነሣሁት። ያው ዐሥር ጥያቄ ነው። ባለፉት አራት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ ተስፋ ቆረጡ? ምን ያህል ጊዜ ዋጋ ቢስ እንደሆኑ ተሰማዎት? ለያንዳንዱ ከ"ፈጽሞ" እስከ "ሁልጊዜ" አምስት ሣጥን።

"ባለቤቴ ክላይቭ ይቺን ወረቀት ሞልቷል" አልኩት። "እዚሁ ክፍል፣ አምና ክረምት። እየጎተትኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ዐሥሩንም 'ፈጽሞ' ላይ ምልክት አደረገ። ከላይ እስከ ታች፣ ስንዴ እንደሚዘራ፣ መስመሩን ሳይስት። የድሮው ሐኪም 'አንተማ ከኮርማህ ትጠነክራለህ' ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሳቅን። ሦስታችንም ሳቅን።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

"በዐሥራ አንደኛው ቀን ራሱን አጠፋ።"

"በጣም አዝናለሁ፣ ወይዘሮ..."

"አልጨረስኩም።"

ሁልጊዜ የማቆመው እዚህ ላይ ነበር። ስድስት ጊዜ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ነድቼ ባለሙያዋ ዘንድ ሄጃለሁ፤ ስድስቱንም ጊዜ ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ስለ በጎቹ ማውራት ጀምሬያለሁ። ሴትዮዋ አልተቆጣችኝም። በስድስተኛው ቀን ግን እስከ መኪናዬ ሸኝታኝ "የሚቀጥለው ጊዜ ከዚህ እንነሣለን" አለችኝ።

"ሲሞላው አየሁት" አልኩ። "ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እስክሪብቶው ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። እንደማይተኛ አውቃለሁ። መጋዘን ውስጥ ብቻውን እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። ሊዋሽ እንደሆነ ዐወቅኩ፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩለት። ከዚህ ስንወጣ ደግሞ ነገሩ በሰላም አለፈ ብዬ ደስ አለኝ። ዳቦ ቤት ገብተን የሥጋ ፓይ በላን።"

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለልጆቼም፣ ለእህቴም።

"ማወቅ ማለት እኮ ጥፋተኛ መሆን አይደለም..."

"እሱን እሷ ትንገረኝ! አራት ቀጠሮ የምለምንህ ለምን መሰለህ? አንተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትገላግለኝ ነው?"

ጆሮው ቀላ።

"እዚህ ወረቀት ላይ አልዋሽም። ለመንግሥት ተጨንቄ አይደለም። ለአንድ ቤት አንድ የውሸት ወረቀት ይበቃል። ሃያ አንድ ነኝ። ሃያ አንድ ብለህ ጻፍ፤ ያስፈልጋታል ብለህም ጻፍ። እምቢ ካልክ መጠበቂያው ክፍል ሄጄ እቀመጥና የነገርኩህን ሁሉ ከመጀመሪያው እጀምርላቸዋለሁ። እዚያ የተቀመጡትን ሁሉንም በስማቸው ነው የማውቃቸው። ከእንግዲህ አላፍርም።"

ባዶውን መጠይቅ አንሥቶ ለሁለት ቀደደው። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው፤ ብዙ ቆየ። ሲጨርስ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና አነበበልኝ።

"'ነጥቧ ተሻሽሏል። ሆኖም ሕክምናው ዋናው ጉዳይ ላይ መድረሱ ገና አሁን በመሆኑ መቋረጥ የለበትም። ባለቤቷ መጠይቁን በሐሰት መሙላቱን ጠርጥራ ነበር...'"

"'ጠርጥራ' የሚለውን አጥፋ።"

"ላለሰልስልዎት ብዬ ነው።"

"ገብቶኛል። አጥፋው። 'ታውቅ ነበር' በል።"

ለአፍታ አየኝ። ፊደሎቹ ከኋላ ወደ ፊት አንድ በአንድ ጠፉ፤ ባዶው ቦታ ላይ ቀጭኗ መስመር ብቻዋን ብልጭ ድርግም አለች። ወንበሬን አስጠግቼ፣ ሁለቱን ቃላት ጽፎ እስኪጨርስ ዐይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩ።