ተሳታፊ አሥራ አንድ

«‘ቆጠራው ላይ ነበርኩ። እኔ የፈረምኩበት ቁጥርና በማግስቱ ለሕዝብ የተነበበው ቁጥር አንድ አልነበረም።’» የውጭ ፈታኙ ከማስተርስ ጥናቴ ገጽ ዘጠና አራት ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበና ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው። «ይሄ ተሳታፊ አሥራ አንድ የምትዪው ሰው ማነው?»

«ስማቸውን ላለመግለጽ ቃል ገብቻለሁ» አልኩ።

ተሳታፊ አሥራ አንድ ከአዳራሹ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። አባቴ ነው።

አባቴ የከተማው ምክር ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። በአንድ ምርጫ ድምፅ ቆጣሪ አድርገው መደቡት፤ ቁጥሩ ተለውጧል ብሎ አመለከተ፤ በወሩ ከሥራ አሰናበቱት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለእናቴ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ለእኔ ግን ለጥናቴ ብሎ መቅረጫው ፊት ቁጭ አለና ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተናገረ። ሲጨርስ «እንደነገርኩሽ ጻፊው፤ እንዳታሳምሪው» ነበር ያለኝ።

«ከሥራ የተባረረ ነው ይላል እዚህ» ቀጠለ ፈታኙ። «ቂም የቋጠረ ሰው ምስክር ይሆናል እንዴ? ፖለቲካል ሳይንስ ነው የምታጠኚው ወይስ የታክሲ ውስጥ ወሬ?»

አዳራሹ ሳቀ። አማካሪዬም ሳቀ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጠረጴዛ እየደበደበ «ያልጠየቀ ተማሪ አይመረቅብኝም!» ይለን የነበረው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ኮሪደር ላይ ደግሞ እዚሁ ያመለከትኩበት የረዳት መምህርነት ቦታ የዛሬውን ውጤት እየጠበቀ መሆኑን በጆሮዬ ሹክ ብሎኛል።

«የሰውየው ቃል ያለበትን ምዕራፍ አራትን እሷ ብታወጣው ጥናቱ ምንም አይጎድልበትም» አለ አሁን ለፈታኙ። ወደ እኔ ዞረ። «አይደል?»

አባቴን አየሁት። ፊቱን እንዲያጨፈግግ፣ ተነስቶ እንዲወጣ፣ ብቻ የሆነ ነገር እንዲያደርግ ለመንኩት በዓይኔ። እሱ ግን ነገሩ እንደማያገባው ሰው ጥፍሮቹን ያያል።

«አወጣዋለሁ» አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። «እኔም... ሳስበው ሰውየው የሚታመኑ ምንጭ አይመስሉኝም።»

ይቺን ማንም አልጠየቀኝም።

አስወጡንና ከሩብ ሰዓት በኋላ መልሰው ጠሩን። ውጤቴ «እጅግ በጣም ጥሩ» ሆነ። ተጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ፤ ከዚያ በወንበሮቹ መሀል ተሽሎክሉኮ መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ።

«እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ ልጅ።»

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«ተይው» አለኝ። እጄን ለቀቀና ወደ ፈታኙ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። «ልጄን ስላስተማራችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አባቷ ነዎት?» ፈታኙ ፊቱ በራ። «አስተዋይ ልጅ ነው ያለችዎት። የቱ ጋ ማቆም እንዳለባት ታውቃለች።»

«አዎ» አለ አባቴ። «ከእኔ አልወረሰችውም።»

ፈታኙ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ፎቶ አንሺው ጠጋ ጠጋ በሉ አለን። አባቴ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ በእኔና በፈታኙ መሀል ቆመ፤ ፈገግ በሉ ሲባልም ከሁላችን ቀድሞ ፈገግ አለ።