ጨርቁን ያስቀመጠች እጅ

የፈረንሳይ የባሕር ማዶ ግዛቶች ሚኒስትር የሩቅ ደሴት ነባር ሕዝብ የሆኑት የካናኮች መንደር ሲደርስ፣ እንግዳ ከመናገሩ በፊት በወጉ የሚያቀርበውን ጨርቅ ምንጣፉ ላይ ያስቀመጠችለት ጸሐፊው ነበረች። እሱ ስልክ እያወራ ነበር። የጎሳው አለቃ ጨርቁን አልነኩትም። የመንደሩ ክሊኒክ በመዘጋቱ መንገድ ላይ የወለደችው የልጅ ልጃቸው፣ ሕፃኑን ታቅፋ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ሚኒስትሩ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ «ክሊኒካችሁ በቅርቡ...» ብሎ ሲጀምር አለቃው እጃቸውን አነሱ።

«ቆይማ ጌታው! እኛ ጋ የሚናገረው ጨርቁን ያስቀመጠ ሰው ነው። ጨርቁ ፊት ደግሞ አይዋሽም።» ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «እስቲ አንቺ ንገሪን፣ ልጄ። ክሊኒኩ ይከፈታል?»

ሚኒስትሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ጸሐፊዋ ደረቷ ላይ የለጠፈችውን የክሊኒኩን ፋይል ጭምቅ አደረገችው።

ከዚያ ጎንበስ አለችና፣ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ፣ ጨርቁን ከምንጣፉ ላይ መልሳ አነሳችው።