«ሞተ» በእንግሊዝኛ እንዴት ነው?

ፉአቲኖ በስተርጅናዋ እንግሊዝኛ ልማር ብላ የተነሳች ዕለት መንደሩ በሙሉ ሳቀ። አሳማዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ ይባላል፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን አንዱን ብቻ ነው።

አስተማሪዋ ጎረቤቷ ላንጊ ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት። እሷ ጡረታ ወጣች እንጂ አለንጋዋ አልወጣም።

«አሁን ለምንሽ ነው?» አለቻት ላንጊ።

«ባሕር ማዶ ብሪዝበን ልጄ ጋ ስደውል ስልኩን የምታነሳው ፈረንጅ ሚስቱ ናት። ዕድሜ ልኬን ዝም ብዬ ስስቅላት ልኑር?»

እውነቷን ነው። ልጇ ኢሊያ በየገናው የቆርቆሮ ሥጋ በካርቶን ይልካል። ራሱን የላከው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ለአያቱ ቀብር። ያኔም ትንኝ በላኝ ሲል ሰንብቶ ሄደ።

ትምህርቱ ተጀመረ። «ጎ፣ ዌንት! ኢት፣ ኤት!» ፉአቲኖ ስትጮህ ኮኮናቱ ከነቅርፊቱ ከዛፍ ይረግፍ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ግን ተማሪዋ ማማረጥ ጀመረች።

«መብላት መጠጣቱን ተይውና፣ ‹ታመመ› እንዴት ነው?»

ላንጊ ነገረቻት።

«‹ወደቀ›ስ?»

«ፌል።»

«‹ሞተ›ስ?»

«ዳይድ። ማን ሞቶ ነው?»

«ኧረ ማንም! እስቲ ደግሞ ‹ቀበርነው›ን ንገሪኝ።»

ላንጊ ነገረቻት። ፉአቲኖ ደጅ ደርሳ ተመለሰች።

«መምህርት፣ እያለቀሱ ሲሉትስ ድምፁ ይለወጣል?»

ከዚያ ወዲያ ላንጊ ዓይኗን ከጎረቤት አላነሳችም። የፉአቲኖ ባል ማናሴ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ጠፍቷል። እዚያ ተጋድሞ አላፊ አግዳሚውን ሳይሳደብ የዋለበት ቀን የለም እኮ! እሁድም ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ማንም ሳያንኮራፋ ስብከቱ ሲያልቅ ፓስተሩ ራሱ ደነገጠ።

በኛ ደሴት ቤት ግድግዳ የለው፤ ምሰሶና ጣሪያ ነው። አንዱ ሲያስነጥስ ሦስት ቤት «ይማርህ» ይላል። የፉአቲኖ ቤት ግን በጠራራ ፀሐይ የሰሌን መጋረጃው ዙሪያውን ወርዷል። ሰው የምንቀብረው እዚያው ደጃችን ላይ ነው፤ እነሱ ደጅ ደግሞ ትናንት ያልነበረ የአፈር ክምር አለ፤ ዙሪያውን ነጭ ድንጋይ ተደርድሮበታል።

«ማናሴ የት ሄደ?» አለች ላንጊ።

«ተኝቷል።»

«መቼ ነው የሚነሳው?»

«እንጃለት፤ መለከት ሲነፋ ይሆናል!» ብላ ፉአቲኖ ከት ብላ ሳቀች።

ላንጊ አልሳቀችም። «ወይ ጉዴ! የሰው ባል መግደያ ቋንቋ አስተማርኩ!» ብላ መጥረጊያዋን አነሳች። ፖሊስ ያለው ደሴቱ ማዶ ነው፤ መጥረጊያ ግን ቅርብ ነው። ማናሴ እስትንፋስ ተርፎት እንደሆነ፣ ዛሬ ካልደረሰችለት መቼ ልትደርስለት ነው?

እየዳኸች መጋረጃው ሥር ደረሰች። ከውስጥ የፉአቲኖ ድምፅ ይሰማል፤ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ስህተት የለው። ባሌ ታመመ። ወደቀ። ሞተ። ትናንት ቀበርነው።

ላንጊ በእንብርክኳ እንዳለች ደረቀች። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል እንኳ «ጎበዝ!» ልትላት ዳዳት።

መጥረጊያዋን ጨብጣ መጋረጃውን ልትገልጥ እጇን ዘረጋች።

«እንዲህ ካለቀስሽማ ገንዘብ ልኮ ይቀራል፤ ያን ባዶ መቃብር በከንቱ ቆለልኩት ማለት ነው» አለ ማናሴ የተቀቀለ ታሮ በጉንጩ ሙሉ እንደያዘ፤ «በይ እንደገና፣ ልጁ ራሱ እንዲመጣ አድርገሽ አልቅሺ!»